ኤርሚያስ ያዳነኝ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ደቡብ አፍሪካውያን ፋሲካቸውን ሲያከብሩ፣ እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን ነው። ለጥቂት ከሞት ተረፍኩ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን እሱ አይደለም፤ ለጥቂት መትረፍ ጆሃንስበርግ ውስጥ ብርቅ ነገር አይደለም። አልወጣ ያለኝ ከዚያ በኋላ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ላስረዳ። እኔ ዓሣ አዳኝ ነኝ፤ በመንጠቆ ግን አይደለም። መንጠቆ ጥሎ መቀመጥን ሎተሪ ቆርጦ ከመጠበቅ ለይቼ አላየውም። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠልቅና፣ ባሕሩ ሥር ባለው ቋጥኝ መካከል ዓሣውን ፊት ለፊት አይቼ፣ መርጬ፣ ጦር በሚተኩስ የውሃ ጠመንጃ እወጋለሁ። የአየር ጋን አዝሎ ማደን እዚህ አገር ክልክል ነው። ባይከለከልም አላደርገውም። እዚያ ታች እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ቶሎ መውጣት አለበት።

ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም። ቅርቡ ባሕር ግማሽ ቀን ያስነዳል። ጀፕ በሚባለው የኢትዮጵያውያን የገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ ኑሪ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ይናደዳሉ። ሐጂ የብዙዎቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ሰዎች እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት። "ፎርድስበርግ ገበያ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጥልህ የለም እንዴ?" ይሉኛል። "ዓሣው አንተን ምን አደረገህ? ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ጤነኛ ሲሆን አይቼ አላውቅም!"

ሰው ስለ ዕቃዎቼ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ችግሩ ማንም አይጠይቀኝም። ጠመንጃዬ እንጨት ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ጦሩ በሁለት ላስቲክ የሚወነጨፍ። ከካርበን የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሲይዟቸው ይቀላሉ፣ ሲተኩሷቸው ግን እጅ ላይ ይዘላሉ። የመጥለቂያ መነጽሬ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መነጽር ለመሙላት ብዙ ትንፋሽ ይበላል። የሚያብለጨልጭ ነገር አልወድም።

ኤርሚያስ የሚያብለጨልጭ ነገር ይወዳል። የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ጀፕ ያሉ ነጋዴዎችን ሒሳብ ይሠራል። ወደዚህ አገር እንደመጣን ሂልብሮው የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን አብረን ኖረናል። ያኔ ሕንጻው ውስጥ ሌባ ከመብዛቱ የተነሳ አንዳችን ሲተኛ ሌላችን በሩን ይጠብቅ ነበር። ወንድም የለኝም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ኤርሚያስ አለኝ" እል ነበር።

የዚህ አደን ሕግ አንድ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ተንሳፍፎ እሱን ብቻ ያያል። አደጋው ታች አይደለም፤ ሊወጡ ጥቂት ሲቀር ነው። ያኔ ሰው ሳይጨንቀው፣ ሳያውቀው፣ እንደ አምፖል ድርግም ይላል። ከላይ ያለው ካየው ፊቱን ከውሃ ያወጣዋል፤ ሰውየው ይተነፍሳል፤ ነገሩ ያበቃል። ካላየው ተመልሶ ይሰምጣል። ይህን ለኤርሚያስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጠመንጃውን የመረጥኩለትም እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ወርደን ወጣን። ከዚያ ቋጥኙ ሥር ከዋሻ ብቅ ያለ፣ ነጠብጣባም፣ አፈ ሰፊ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር የተኮፈሰ ዓሣ አየሁ። ወጥቼ ለኤርሚያስ ምልክት ሰጠሁት። ገብቶኛል ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ ወረድኩ።

ወጋሁት። ዓሣው ግን ከነጦሩ ወደ ዋሻው ገባ። ጦሩ የታሰረበትን ገመድ ሳብኩ፤ እንቢ አለ። ደግሜ ሳብኩ። ትንፋሼ ማለቁን ደረቴ ሲነግረኝ ጠመንጃውን ለቅቄ ወደ ላይ ቀዘፍኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ከላይ አንድ ጥቁር ጥላ መኖር ነበረበት፤ የኤርሚያስ ጥላ። ምንም አልነበረም። ብርሃን ብቻ።

ቀጥሎ የማስታውሰው የአንዲት ሴት ፊት ነው። የጎማ ልብስ የለበሰች፣ ትከሻ ሰፊ፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ነጭ ሴት። ጉንጬን በጥፊ እየመታች "ተንፍስ! ተንፍስ እንጂ!" ትለኛለች። ከእኛ ራቅ ብላ ከባሏ ጋር ታድን ነበር። ጠላቂ መኖሩን የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ምልክታችንን አይታ፣ አጠገቡ ሰው ስታጣ፣ ደንግጣ ነው የመጣችው። ስትደርስ መስመጥ ጀምሬ ነበር።

"ጓደኛህ የት ነው?" አለችኝ።

ኤርሚያስ ሩቅ ነበር። ሲያልፍ ያየውን የዓሣ መንጋ ተከትሎ ሄዷል። ወደ እኛ ሲዋኝ ከኋላው አንድ ረጅም ብርማ ዓሣ ይጎትት ነበር። ሲደርስ አፉን ከውሃ እንዳወጣ፣ "አየኸው? አንተ፣ አየኸው ወይ? ክንዴን እኮ ነው የሚያክለው!" አለኝ። ከዚያ ሴትዮዋን አየ፤ ፊቴን አየ።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ጠቁማ "ጓደኛ የምትለው ይህን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ባሏ ዋኝታ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስንመለስ፣ ጆሃንስበርግ ልንገባ ስንል ኤርሚያስ "ለሰናይት አንንገራት፣ ትደነግጣለች" አለኝ። ሰናይት ባለቤቴ ናት። ተስማማሁ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ በጠያቂ ተሞላ። የተናገረው እሱ ነበር፤ የተናገረው ግን የሆነውን አልነበረም።

እዚህ ከተማ "እንኳን ተረፍክ" ብሎ መጠየቅ የዘወትር ሥራ ነው። ሎኬሽን በሚባሉት ከከተማ ወጣ ያሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቁ የተዘረፈ፣ ጥይት የሳተው፣ መኪናው የተቀማ ሁሉ ይጠየቃል። ሥርዓቱም የታወቀ ነው። የተረፈው ሰው ሶፋ ላይ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ታሪኩን የሚናገረው አብሮት የነበረው ነው። አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመራል።

"ሳየው ዓይኑ ተገልብጦ እየሰመጠ ነው" ይላል ኤርሚያስ። "ጠመንጃዬን ወረወርኩና ወረድኩ። በፀጉሩ ያዝኩት!"

እኔ ራሰ በራ ነኝ። መላጣዬን እያዩ የሳሎኑ ሰዎች ሁሉ በፀጉሬ መያዜን አመኑ።

"በጾም ዓሣ ፍለጋ ሲሄድ እግዜር ቆንጠጥ አደረገው" አሉ አንዲት ጎረቤት። ሳቅ ሆነ።

"ኤርሚ" አልኩ። "ሴትዮዋስ?"

ሳቁ ቆመ። "የቷ ሴትዮ?" አሉ ሐጂ።

"ያወጣችኝ። ነጯ። ኤርሚያስ አጠገቤ አልነበረም፣ ሐጂ።"

ኤርሚያስ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ ታማሚ እያየኝ ፈገግ አለልኝና ወደ እንግዶቹ ዞረ። "እሱ አያስታውስም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ራሱን ስቶ ነበር እኮ። አንጎል አየር ሲያጣ ነገር ይደበላለቅበታል። እኔ ካወጣሁት በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ነበር፤ እሷን ነው።"

ሁሉም "አይ፣ አይዞህ" አሉኝ። ሐጂ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና "ቀስ እያለ ይመለስልሃል፣ ወንድሜ። አታስጨንቀው ራስህን" አሉኝ። ከዚያ ከሱቃቸው ያመጡትን ነብር የታተመበት ወፍራም ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አውጥተው ለኤርሚያስ እንደ ካባ ደረቡለት። ተጨበጨበ። ሰናይት ተነስታ እያለቀሰች ጉልበቱን ሳመችው። እሱም "ተዪ እንጂ፣ ሰኒዬ፣ ወንድሜ አይደል እንዴ" አላት።

ልሸኘው በር ድረስ ወጣሁ። "ምን ነካህ?" አልኩት።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ በሹክሹክታ፣ ነብሩን እንደደረበ። "ጥዬው ሄድኩ ልበል? የእነዚህን ሰዎች ሒሳብ እኮ የምይዘው እኔ ነኝ። ጓደኛውን የጣለ ሲሉኝ ጀፕ ውስጥ ማን ያምነኛል? አንተ ምን ተጎዳህ? በሕይወት አለህ።"

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ለሰናይት እንዳለ ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ሰማችኝ። ስጨርስ እጇን አደረቀችና "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"ሰናይት!"

"አትቆጣ። አንተ እኮ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ስትቃወም ነው የኖርከው። ዛሬ ደግሞ የተቃወምከው ያዳነህን ሰው ሆነ።" ወደ ብርጭቆዎቹ ተመለሰችና "ጉልበቱን ስሜያለሁ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ማውራት አትፈልግም። አታምነኝም ማለት አልችልም። ታምነኛለችም ማለት አልችልም።

ከኤርሚያስ ጋር መሄድ አቁሜያለሁ። አሁን የምጠልቀው ስሜን በቅጡ መጥራት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ነው። ስወጣ ከላይ አሉ። ወደዚያው ባሕር ሁለቴ ተመልሼ ሴትዮዋን ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም።

ኤርሚያስ ግን ታሪኩን አልተወውም። አሁን ሻርክ ገብቶበታል አሉ። ባለፈው ሰሞን ፎርድስበርግ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ የማላውቀው የሱቅ ሠራተኛ መጥቶ ጨበጠኝ። "ጋሼ፣ ኤርሚያስ ያወጣዎት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"አይደለም" አልኩት። "ያወጣችኝ አንዲት ሴት ናት። እሱ ትቶኝ ሄዶ ነበር።"

ወጣቱ አልተከራከረኝም። በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። "አዎ፣ እርስዎ እንደዚያ እንደሚሉ ነግረውናል" አለኝ። "አይዞዎት፣ ጋሼ። ምሳዎን እኔ ልጋብዝዎት።"

ትቶኝ መሄዱን ይቅር ብዬዋለሁ። መንጋ ሲያልፍ አዳኝ ዓይኑ ይሄዳል፤ የእኔም ይሄድ ይሆናል። ይቅር ማለት ያቃተኝ፣ ልሞት የነበርኩት እኔ ሆኜ ሳለ ስለዚያ ቀን ምስክርነቴን መንጠቁን ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ከእኔ በፊት ከእሱ ሰምተዋል። እናንተ ኤርሚያስን አታውቁትም፤ ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው።