መምሬ የገዘቱት በር

የሻሽወርቅን ጨካኝ ልጅ የሚላት ሰው እኔ ዘንድ ልብስ አያሰፋም። ስፌት ሠሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ስለሆነ ወጪ ገቢውን አያለሁ፤ ያላየ ሰው ሲፈርድ ደሜ ይፈላል።

አባቷ መምሬ ወልደ ሐዋርያት ጣና ሐይቅ ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ሲቀድሱ የኖሩ ቄስ ናቸው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞቱ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የአገሩ ሰው «ሴት ልጅ ከተማ ሰድደው ምን ሊያተርፉ ነው?» ሲላቸው፣ በታንኳ አሳፍረው ባሕር ዳር ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ትቆጣጠራለች። ከዓይኗ የሚያመልጥ ጉድፍ የለም፤ እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ እንኳ ገልብጣ ስፌቱን ሳትመረምር አትለብስም።

መምሬ መርሳት ሲጀምሩ ወደ ራሷ አመጣቻቸው። መጀመሪያ የሰው ስም ረሱ፤ ቀጥሎ ቀንና ሰዓቱን፤ በመጨረሻ ደቅን ለቀው መምጣታቸውን ረሱ። እሷ ሥራ ስትሄድ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። «ቅዳሴ አለብኝ፤ ታንኳው ጥሎኝ ሊሄድ ነው» ይላሉ። ሠራተኛ ብትቀጥር «ቤቴ ሌባ ገባ» ብለው አባረሯት፤ ሌላ ብታመጣ እሷንም አባረሩ። አንድ ቀን አስፋልት ሲሻገሩ ባጃጅ ሊገጫቸው ለጥቂት ተረፉ።

ያን ጊዜ ጨነቃትና በሩን ቆለፈችባቸው። ማታ ስትመለስ ከብረቱ በር ጋር ሲታገሉ ጣቶቻቸው ተልጠው አገኘቻቸው። «ምን በድዬ ነው የታሰርሁት?» አሏት። ቁልፉን እኔ እያየሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ ዳግመኛ በአባቷ ላይ በር እንደማትቆልፍም ማለች።

በሳምንቱ ከሞባይል ቤት አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። በር ሲከፈት የሚናገር ዕቃ ነው። ዋናው ሳጥን ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሴንሰር የሚሏቸው ነጫጭ ነገሮች ደግሞ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ መቃኑ ላይ፣ አንዱ መዝጊያው ላይ ይለጠፋል። ሁለቱ ሲለያዩ ሳጥኑ ይጮኻል፣ ስልኳ ላይም መልእክት ይገባል። ጩኸቱን እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ልሰማ፣ መልእክቱን እሷ ፋብሪካ ሆና ልታይ ተስማማን።

መጀመሪያ ግን ሴንሰሮቹን ከሳጥኑ ጋር ማስተዋወቅ ነበረብን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተያያዝነው። ሴንሰሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ተጭኖ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል መጠበቅ ነው። የመስኮቱ ሴንሰር ወዲያው ተዋወቀ። የበሩ አሻፈረኝ አለ። ብንጫነው፣ ብንነቀንቀው፣ ወደ ሳጥኑ ብናስጠጋው ወይ ፍንክች! ለካስ ባትሪው ሥር የቀረች ስስ ላስቲክ ኖራ እሷ ናት ያደረቀችን። ላስቲኳ ስትወጣ መብራቱ በራ። ስንለጥፈው ደግሞ የብረቱ በር በሴንሰሩ ውስጥ ያለውን ማግኔት እያሳተው፣ ተዘግቶ ሳለ «ክፍት ነው» ይል ጀመር። ከሥሩ ቀጭን ጣውላ አስገብተን አስታረቅናቸው። ስልኩ ስም ስጪው ሲላት «የአባባ በር» ብላ ጻፈች።

«በይ እንሞክረው» አልኋት። በሩን ስትከፍተው ሳጥኑ ተቅጨለጨለ። መምሬ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ተንሥኡ ለጸሎት! ቃጭል ተመትቶ እናንተ እዚህ ትጫወታላችሁ?» ብለው ተቆጡን።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት።

ሳቁ ግን አልሰነበተም። ምሳቸውን ይዤ በሩን በከፈትሁ ቁጥር ሳጥኑ ይቅጨለጨላል፤ እሳቸውም ቅዳሴ ገባ ብለው መቋሚያቸውን ያነሣሉ። እጃቸውን ይዤ ለማስቀመጥ ስንቴ ታገልሁ! እንዲጠብቃቸው ያመጣነው ዕቃ ራሱ ይጠራቸው ጀመር። ለየሻሽወርቅ ስነግራት ሌላ ድምፅ ፈለገችለት፤ ያለው ያው አንድ ብቻ ነው። ቢቸግራት ድምፁን አጠፋችውና በስልኳ መልእክት ብቻ ተማመነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። እኔ ውስጥ ገብቼ የደንበኛ ልክ ስወስድ ነበር፤ ሳጥኑም ድዳ ሆኗል። የሻሽወርቅ ከሥራ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መቋሚያውም የለም። እየጮኽን ወደ ሐይቁ ሮጥን። ቢያዝን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል መሐል አቅፎ ሲያወጣቸው ደረስን። ውኃው ደረታቸው ደርሶ ነበር። «ታንኳው ጥሎኝ ሄደ» እያሉ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።

ቤት አግብተን ልብሳቸውን ስንቀይር ኔትወርክ ተመለሰና የስልኳ መልእክት ገባ፤ «የአባባ በር ተከፍቷል» ይላል። ስልኩን ልትሰብረው ምንም አልቀራት።

ሙቀት ሲያገኙ መምሬ ዓይናቸው ጠራ። እንዲህ ያለች ሰዓት አልፎ አልፎ ትመጣላቸዋለች። «የት ነበርሁ?» ሲሏት አልደበቀችም፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ነገስ ምን ልትሆኚ ነው?» አሏት።

«ሥራዬን ትቼ ደቅ እንሄዳለን፣ አባባ። እኔው እጠብቅዎታለሁ።»

መምሬ ከደረታቸው የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። ምን ሊሉ እንደሆነ ገብቷት «አባባ፣ ይተዉ!» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እኔ ልጄን ለዚህ አላሳደግሁም። በእኔ ምክንያት ሥራሽን ብትተዪ፣ በሩንም ሳትቆልፊ ብትሄጂ፣ በዚህ መስቀል ገዝቼሻለሁ። ብለምንሽም እንዳትከፍቺ!»

ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። የገዘተው ካህን ራሱ ካልፈታው እንደታሰሩ መቅረት ነው። ሲነጋ መምሬ ግዝቱንም፣ ሐይቁንም ረስተውታል።

የሻሽወርቅ አዲስ ቁልፍ ገዝታ በሩን ከውጭ ቆለፈች። የፋብሪካው ሰርቪስ ደጅ ቆሟል። እሳቸው ከውስጥ ብረቱን ይደበድባሉ። «ኧረ የሰው ያለህ! ምን በድዬ ነው የታሰርሁት? ማን ነው ያሰረኝ?» እያሉ ይጣራሉ። እሷ መሄድም መክፈትም አቅቷት ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች።

«አባባ፣ ይፍቱኝ» አለች።

ድብደባው ቆመ። ቄስ የልጁን ስም ቢረሳ ይህን አይረሳም።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ፤ ለማንም መንገደኛ እንደሚሉት።

«ፈቱሽ እኮ! ክፈቺዋ!» አልኋት፤ ቁልፉን ከእጇ ልነጥቃት ደርሼ ነበር።

«ምኑን እንደፈቱ ሳያውቁ?» አለችኝ። እንግዲህ እሷ ናት፤ ጉድፍ ያለበትን አታሳልፍም።

መምሬ ከውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ማን ነሽ? አንቺንም ቆልፈውብሽ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ልጅ አለችኝ፤ ሥራ ሄዳ ነው። ማታ ስትመለስ ለሁለታችንም ትከፍትልናለች።»

ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ። የሻሽወርቅ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ሄደች።