የማይዘጋው ፕሮግራም

ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። አብራኝ ፕሮግራም የምትጽፈው ልጅ እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ነበረች፤ ከአባቷ ጋር ሁለት ብቻ ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ አባቷ እዚያ ብቻቸውን መዋል አልቻሉም። ጠዋት ጠዋት አብረዋት እየመጡ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የድሮ ሰፈራቸው ከዚያ ይታያል፤ ማለቴ፣ ቦታው ይታያል።

ያን ሰሞን ሰርቨር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራማችን አስቸገረን። «ዝጋ» የሚል ሲግናል ሲላክለት አንዳንዴ በሥርዓት ይዘጋል፣ አንዳንዴ ደርቆ ይቀራል።

«ምን ሆነባችሁ፣ ልጆቼ?» አሉን አባቷ።

«ፕሮግራሙ ውስጥ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ በል፣ አባዬ፤ ትሬድ እንላቸዋለን» አለቻቸው። «መዝገብ ላይ የሚጽፈው ግን በተራ ነው፤ ባለተራው ቆልፎ ይጽፋል። የዝጋው ትእዛዝ ደግሞ ካገኘው ላይ ነው የሚያርፈው። ቁልፉን የያዘው ላይ ካረፈ ጽሑፉን አቋርጦ ትእዛዙን ሊፈጽም ይነሳል። ትእዛዙ ራሱ መዝገቡ ላይ ጻፍ ይለዋል። ቁልፉ እስኪለቀቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የያዘው ግን ራሱ ነው።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ሌሎቹ ሲግናሉን እንዳይቀበሉ እንከለክልና፣ እሱን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ትሬድ እንመድባለን። እሱ በእጁ ምንም አይዝም።»

«ሥራ ፈት ነዋ፤ እንደኔ» አሉና ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ጽፋ ሳትጨርሰው አባቷ በሳምንቱ አረፉ። ጠዋት ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ አልፈዋል።

ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ተተከለ። የድሮ ጎረቤቶቻቸው ከየተበተኑበት ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። ከተለያዩ ወዲህ ያልተገናኙ ስለነበሩ፣ ሲተያዩ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳ ነበር። አንዲት እናት «እዚህ ማን ያውቅሃል፣ ወንድሜ!» እያሉ አለቀሱ።

ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ሥራ ገባችና የጀመረችውን ጨረሰች። ፕሮግራሙን ደጋግመን ሞከርነው፤ ሁሌም በሥርዓት ተዘጋ።

«ሠራ!» አልኳት።

«አየሁ» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ጥቂት ወራት ቆይታ ለቀቀች። «እዚህ ስመጣ ሰፈሬ የለም፣ እዚያ ስገባ አባዬ የለም። በቃ፣ ሌላ ቦታ ልሞክር» አለችኝ። በመጨረሻው ቀን ሜክሲኮ ድረስ ሸኘኋት። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ተራዋ እስኪደርስ ስለ ሥራ አወራን።