ለአለቃ ብድግ ማለት

አለቃችንን ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን "እሱ" ይበቃዋል።

የባቡር ተቆጣጣሪ ነኝ። መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳውን የሞላ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የትኛው ባቡር ይሂድ የትኛው ይቁም የምል ሰው ነኝ። ከወሰን ሰፈር በታክሲ ተጋፍቼ መጥቼ ያቺ ወንበር ላይ ቁጭ ስል ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። እወዳታለሁ፣ ምን ላድርግ።

ክፍሉን የሠሩት ቻይናዎች እስኪያስረክቡን ድረስ ያልተፈቀደለት ሰው ደጃፉን አይረግጥም ነበር። ርክክቡ እንዳለቀ እሱ ተሾመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም ከወንበራችን ኋላ ሶፋ ማስገባት ሆነ። "አሁን ንብረቱ የኛ ነው" አለን። ከዚያ ወዲያ ዘመዱ፣ አብሮ አደጉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ ሶፋው ላይ ተንፈላሶ ባቡር ያይ ጀመር።

ሁለተኛው ሥራው ደግሞ እሱ ሲገባ ብድግ እንድንል ማዘዝ ነው። የአስተዳደግ ጉዳይ ነው አለ። እኔም ቤቴ ለመጣ ሰው እነሳለሁ። የታክሲ ሹፌር ግን መሪውን ለቆ ለተሳፋሪ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ሳልነሳ ብቀር ቢሮው ጠርቶ፣ "ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ ትኬት ቆራጭ ነው የማደርግሽ" አለኝ። አጠገቤ የሚሠራው ጓደኛዬማ የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ገና ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ፣ አንድ ባቡር መሬት ውስጥ ለውስጥ በሚያልፍበት መንገድ መሐል ቆመ። የማለፊያ መብራቱ ተበላሽቶ ከቀይ አልለቅ ብሏል፤ ባቡሩ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። ከፊቱ ያለው ሐዲድ ባዶ መሆኑን እያየሁ፣ ሹፌሩን በሬዲዮ እያናገርኩ ቀስ በቀስ ላወጣው ጀመርኩ።

በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ብድግ። ጌታው አማቶቹን አስከትሎ ገባ፤ ከእንጦጦ ራጉኤል መመለሳቸው ስለሆነ ጠበል የሞላ ቢጫ ጀሪካን ሳይቀር ይዘዋል። ጀሪካኑን የት ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው? ኤሌክትሪክ በሚርመሰመስበት መሣሪያ ላይ። እሱ ምን ቸገረው፣ "እነዚህ ባቡሮች በሙሉ በኔ ሥር ናቸው" እያለ ይሰብካል።

ኋላዬ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። አልተነሳሁም። ደግሞ ጠረገ።

"እንግዳ መጥቷል እኮ" አለኝ።

ዞር ሳልል በእጄ ቆይ አልኩት። አለቃን፣ ያውም አማቶቹ ፊት። ወንበሬ እንደሄደች ያኔውኑ ገባኝ። ሹፌሩ ግን "ልቀጥል?" እያለኝ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ተጨንቆ፣ እኔ ለዚህ ከረባት ልነሳ?

"ቀጥል፣ ቀስ እያልክ" አልኩት ሹፌሩን።

ባቡሩ ወጣ። ጣቢያ ደርሶ በሩን ሲከፍት፣ ሰዉ ሲወርድ በስክሪኑ አየሁ። ሬዲዮውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ተነሳሁ።

የሰውየው ፊት በራ። "ኧረ በእግዚአብሔር፣ ኧረ በሞቴ ተቀመጪ" አለኝ። አማቶቹም "ተባረኪ ልጄ" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ወንበሬ ላይ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "ሥርዓት አስተምሬ ሰው ያደረግኳት እኔ ነኝ" ይላል።

እኔ የተነሳሁት ሽንቴ ወጥሮኝ ነው።