ሁለቱ «ይቅር»

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይህን ለማወቅ ፈላስፋ አያስፈልግም። ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ጥንት ግሪኮች መማር ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ፈላስፋ አጥቶ አያውቅም። በሰው አገር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሷ ታነባለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።

የዚያን ቀን ከሥራ የገባሁት እየነደድኩ ነበር። ፍሪድሊ ከተማ፣ የሕክምና መሣሪያ የምንገጣጥምበት ፋብሪካ ውስጥ ለቡድን መሪነት አመልክቼ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለማኔጀሩ «ቁጡ ናት፣ ሰው ብትመራ ትጣላለች» ያለችው ደግሞ የወሎዋ ጓደኛዬ መሆኗን ከራሱ አፍ ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመት በመኪናዋ ያመላለሰችኝ፣ በረመዳን መንገድ ላይ የምታፈጥርበትን ቴምር በቦርሳዬ የምይዝላት ጓደኛዬ! መኪና ማቆሚያው ላይ ስትጠብቀኝ እያየኋት በአውቶቡስ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ስልኬን አወጣሁና ስድብ መጻፍ ጀመርኩ። በአማርኛ ፊደል ስጽፍ ጣቴ ቀርፋፋ ነው፤ ገና ስድቡ ሳይጋመስ ደከመኝ። አጠፋሁትና አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «ይቅር።» አብሮ መሄዱም ይቅር፣ ጓደኝነቱም ይቅር ማለቴ ነበር። ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ለልጄ ነገርኳት። መጽሐፏን ዘጋችው። እነዚያ የምታነባቸው ሰዎች ዕድል በእጃችን አይደለም ይላሉ አለችኝ፤ የእኛ የሚባለው ለመጣብን ነገር የምንሰጠው መልስ ብቻ ነው፤ የተቆጣ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ያልተቆጣ ሰው ማማከር አለበት። ይህን ሁሉ ካለች በኋላ ስልኬን አየችው።

«ማም፣ ዲድ ዩ ሴንድ ኢት?»

«ልኬዋለሁ።»

«ኦ ኖ።»

ያኔ ንዴቴ በረደና ፍርሃት ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቃል ጨርሼው ቁጭ አልኩ። የባሰው ደግሞ፣ ቁጡ ናት ማለቷ ልክ እንደነበር በገዛ እጄ ጽፌ መስጠቴ ነው። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ደነገጥን።

ከጓደኛዬ የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር፤ እያለቀሰች ነው።

«አላህ ያክብርሽ እህቴ። ማኔጀሩ ድንገት ሲጠይቀኝ ከአፌ አመለጠኝ፣ ሆዴን ሲበላኝ ዋለ። እንዲህ ቶሎ ይቅር ትይኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። ነገ እንደ ወትሮው ከቤትሽ ፒክ አደርግሻለሁ።»

ልጄ ግራ ገባት። በእኛ ቋንቋ ነገር ሲሰረዝም ይቅር፣ ጥፋት ምሕረት ሲያገኝም ይቅር እንደምንል አስረዳኋት። «ላክ!» አለችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት ስለማይለይ «ሌላ መልእክት ላኪ» ያለችኝ መስሎኝ ስልኩን ገፋ አደረግሁት። በእንግሊዝኛ ዕድል ማለቷ ነበር። ሳቅን፤ እኔስ መሃል ላይ አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ መኪናዋ በሰዓቱ በር ላይ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ዕድሌን ሳመሰግን ከረምኩ። ምሥጢሩ ግን ይከነክነኝ ስለነበር ባለፈው ሰሞን ወደ ሥራ በምናልፍበት ድልድይ ላይ ትራፊክ ሲይዘን አወጣሁት።

«ያን ቀን ይቅር ያልኩሽ እኮ… የምሕረቱን አልነበረም።»

ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

«አውቃለሁ። እኔን ጥለሽ በአውቶቡስ ሄደሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልትምሪኝ? አንቺ? ቃሉ ሁለት ሆኖ መጣልኝ፣ የሚበጀንን ያዝኩ።»

ዓመቱን ሙሉ ዕድል ስለው የኖርኩት ለካ አጠገቤ ተቀምጦ መኪና ይነዳል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጪያለሽ ብዬ ነዋ!»