የግራናው ሃምሳ አለቃ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያ የመርሳ መኪና እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ፣ የወታደር ሱሪ የለበሰ አንድ ወጣት እግሩ ተጠላልፎበት ወደቀ። “ገና በጠዋቱ!” አለ አንዱ ረዳት፤ ሰው ሳቀ። አብራው ያለችው ልጅ እግር ሚስቱ አልተቆጣችም። ብብቱ ሥር ገብታ አነሳችውና አቧራውን አራገፈችለት። ወጣቱ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ መንገዱን ሲያይ ደነገጥኩ። ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ሰው እንዲያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ታደለም እንዲያ ያደርግ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። መርሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ ታደለ አስር አለቃ ነበር፤ ምልምሎችን ሰልፍ የሚያስተምር፣ አረማመዱ ከሩቅ የሚለይ ሰው። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ እግሩ ከዳው፤ ሌላ ቀንም ደገመው። አለቆቹ ጠጥቶ መሰላቸውና አሰሩት። ቆይቶ አዲስ አበባ ተላከ። እዚያ ሐኪሙ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል፣ የገዛ ሰውነቱ የነርቮቹን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየበላው እንደሆነ ነገረው። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚያዘገየውም በቀላሉ አይገኝም። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ አንዲት የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ።

ወረቀት ማን ያምናል? ግንቦት ላይ ጠበል ወሰድኩት። ከተራራው ሥር የሚወርደው ውሃ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከውሃው ሲወጣ ታደለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሃያ እርምጃ ያህልም ያለ ምርኩዝ ሄደ። እልል አልኩ። እየሳቅን ወደ መርሳ ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንገድ ዳር የረገፈው ማንጎ ሸትቶ ዝንብ ወርሮታል። ገበያው መሐል ስንደርስ እግሩ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ወደቀ፤ ሱሪውም በሰው ሁሉ ፊት ረጠበ። “እምነቱ ቢጎድል ነው” አሉ። “የሚስቱ ኃጢአት ነው” ያሉም ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። “ገና ልጅ ነሽ፤ ሂጂ፣ ሌላ አግቢ” አለኝ። ቀጥሎ ምግብ ተወ። በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼው ወልድያ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። “ይዘሽው ነይ” አሉኝ። በምን ላምጣው? አልመጣም ያለን ሰው! ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ አለቀስኩ።

“ምን አገኘሽ እህቴ?” አለችኝ አንዲት ጠና ያለች ሻሽ ያሰረች ሴት። የበሽታውን ስም ነገርኳት።

“ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይቺን ስም ግን አውቃታለሁ። እኛም ቤት ገብታለች፤ ሰባት ዓመቷ።”

ዘሃራ ትባላለች። ባሏ ሰይድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ እሱም ታሞ ከሠራዊቱ ወጥቶ ግራና ይኖራሉ።

“አንቱስ እንዴት ቻሉት?” አልኳት።

“ማን ቻለው? አንዳንድ ቀንማ ምነው በሞተ፣ ምነው ባረፍኩ እላለሁ፤ አላህ ይማረኝ። አንቺም ብለሻል፣ አይደል?”

ብያለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም ነበር። ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ ሻሿን በእንባ አራስኩት።

“አብሽሪ። ነገ ሰይድን ይዤው ቤትሽ እመጣለሁ” አለች። አላመንኳትም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን አንድ አይሱዙ ደጃችን ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ሰይድን ከጋቢናው አቅፈው አወረዱት። እግሮቹ እንደ ምርኩዝ ቀጥነዋል፤ ሸሚዙ ግን ተተኩሷል። ከታደለ አልጋ አጠገብ አስቀመጡት።

“አሰላሙ አለይኩም” አለ። ታደለ አልዞረም።

“አስር አለቃ! ሃምሳ አለቃ ሲገባ ጀርባ ይሰጣል እንዴ?”

“ማዕረጉ ቀርቷል” አለ ታደለ ለግድግዳው።

“እሺ፣ ይቅር። ስንት ቀን አሰሩህ?”

ታደለ ቀስ ብሎ ዞረ። ስለ እስሩ እኔም ለዘሃራ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። “ማን ነገረዎት?”

“ማንም። እኔን አስራ ሁለት ቀን፣ ሰክረሃል ብለው። አንድ ጠብታ ቀምሼ የማላውቀውን ሰውዬ፣ ወላሂ!”

“እኔን ዘጠኝ” አለ ታደለ። ክንዱን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ሰይድ ዝም በል አላለውም። ሲወጣለት የጠበሉን ነገር ጠየቀውና እስከ መጨረሻው ሰማው። “እምነትህ አልጎደለም” አለው። “ይህ በሽታ ሙቀት አይወድም። ቅዝቃዜው አቆመህ፣ ፀሐዩ ጣለህ፤ ይኸው ነው።” ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ አስነክሮ አንገቱ ላይ አስደረገለት። ዘሃራ የማሽላ ቂጣ በእርጎ ፈትፍታ አቀረበች። ታደለ ሦስት ጉርሻ ዋጠ። ቆጥሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ በየአስራ አምስት ቀኑ አንዴ እነሱ ይመጣሉ፣ አንዴ እኛ ግራና እንሄዳለን። ወንዶቹ ለእኛ የማይናገሩትን ይነጋገራሉ። ዘሃራ ደግሞ ገላው እንዳይቆስል እንዴት እንደማገላብጠው በገዛ እጇ አሳየችኝ። በሽታው ግን ለወዳጅነታችን ብሎ አልቆመም። በሦስተኛው ክረምት የሰይድ ሕመም ጠና። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጦ ነበር፤ መሞቱን የሰማነው ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው። ታደለ “ከእንግዲህ ሳልናገር የሚገባው ሰው የለም” አለ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ፤ የመጨረሻውን ዓመት ያለ አንደበት። ዘሃራ መጥታ ለቅሶው ላይ አብራኝ ሳምንት ተቀመጠች።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው ላይ መኪናዬ አመለጠኝ። ከወጣቱ ሚስት ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሐኪም ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ያንኑ ስም ነገረችኝ።

“ይድናል፣ እማማ?”

ዛሬ መድኃኒቱ ተሻሽሏል ሲሉ እሰማለሁ፤ እንደማይድን ግን አውቃለሁ። ዝም ማለቴ ነገራት መሰለኝ፤ ይዤው የነበረውን እጇን ነጠቀችኝ። አልተቀየምኳት። እኔም ዘሃራን ባላገኝ ኖሮ በዚያ ዕድሜ የአሮጊት ዝምታ የምችል አልነበርኩም። ዘሃራ ሰይድን አላዳነችውም፣ ታደለንም አላዳነችውም። የማፍርበትን ሐሳብ ቀድማ በራሷ አፍ ስለተናገረችው ብቻ፣ በማግስቱ ተነስቼ እሳት መለኮስ ቻልኩ። ለዚች ልጅም ይህን ልላት ፈልጌ ነበር፤ ባሏ አጠገቧ ነበርና አልቻልኩም።

የስልክ ቁጥሬን ጽፌ ሰጠኋት። እስካሁን አልደወለችም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ ስልኬን አላጠፋውም።