ተገልብጦ የተሰፋው ቀሚስ

ታናሽ እህቴ ሰብለ ከዳንግላ ስትደውል፣ እኔ እዚህ ድሬዳዋ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልሁ ነበር።

«እትዬ፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መጋረጃው ተገኘ።»

የትኛው መጋረጃ ብዬ አልጠየቅኋትም። በእኛ ቤት «መጋረጃው» ከተባለ አንድ ነው፤ እናታችንን በሌብነት ያስጠረጠራት፣ ጥርጣሬው ሳይነሣላትም ያረፈችበት የማርያም ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው። ሰብለ እንደነገረችኝ አሮጌው ዕቃ ቤት ሊፈርስ ዕቃ ሲወጣ፣ ከተጠቀለሉ ምንጣፎች ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተገኘ። ሙሉውን ነው፤ መቀስ አልነካውም። እሷም ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ዕቃ ስታግዝ ስለነበር በእጇ ዘርግታ አይታዋለች።

«አይጥ አልበላውም?»

«አንድም ቦታ። ምንጣፎቹ ግን ወንፊት ሆነዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ እኮ ነፍታሊን ነፍታሊን ይሸታል» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ውዳሴ ማርያም ልደግም ብነሣ አሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። ደስታ ሊቀድም ሲገባው ጥርጣሬ ቀደመኝ። ያን ሁሉ ዓመት ምንጣፉን የበላ አይጥ ሳቲኑን ለምን ዘለለው? ዕቃ ቤት ውስጥ ለብል መከላከያ ነፍታሊን የሚያስቀምጥ ማን ነው?

ልጅ እያለሁ የምንለብሰውን ሁሉ የምትሰፋልን እናታችን ነበረች። እማ አገውኛ የሚነገርባት የአዘና ልጅ ናት። አባታችንን አግብታ ዳንግላ ገባች፤ እሱ በጊዜ ሲያርፍባት ከእኔና ከሰብለ ጋር ቀረች። ከእሱ የተረፋት በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበር። መስኮቱ ሥር፣ በእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ የዘይቱ ሽታ ክረምት ከበጋ ቤቱን ይሞላዋል። እስከ ዛሬ የመኪና ዘይት ሲሸተኝ ጀርባዬን ቀጥ አደርጋለሁ፤ እማ ስትለካኝ እንደዚያ ነበር የምቆመው። በሜትር አትለካም። በስንዝሯ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ትወርድና «ይህን ያህል አደግሽብኝ?» ትለኛለች፣ ጥፋት የሠራሁ ይመስል።

ጓደኞቻችን ሰልባጅ ወይም የሱቅ ልብስ ነበር የሚለብሱት። የእኛ ቀሚስ ከሩቅ ይለያል። ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤ ከግርጌው ደግሞ ከስንዝር የሚበልጥ እጥፋት ወደ ውስጥ ይዘመዘማል። እማ በየዓመቱ ያንን እጥፋት ጥቂት ጥቂት ትፈታዋለች፣ ቀሚሱም አብሮን ያድጋል። ሱዚ ስንዘል እጥፋቱ ቅልጥማችንን ይመታን ነበር። የሰፈር ሴቶችም «የይታይሽ ልጆች ስንቃቸውን በቀሚሳቸው ቋጥረው ነው የሚዞሩት» እያሉ ይስቁብናል።

ሰብለ አፏን የፈታችው በጣም ዘግይታ ነው። እኩዮቿ ተረት ሲያወሩ እሷ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳይ ነበር። ጎረቤቱ «ዲዳ ናት እኮ፣ ምን ታደክሚያታለሽ» ሲላት እማ ስፌቷን ትቀጥላለች። ለካ በልቧ ለእመቤታችን ተስላ ኖሯል፤ ልጄ አፏን ከፈታችልኝ፣ በሴቶች መግቢያ የሚሰቀለውን መጋረጃ አዲስ አድርጌ አለብስሻለሁ ብላ። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እማ የወደቀባትን ክር ሳጥኑ ሥር ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። ከኋላዋ ቀጭን ድምፅ «ክር» አለ። ሰብለ ክሩን በእጇ ይዛ ቆማለች። እማ ከወለሉ ሳትነሣ እዚያው አለቀሰች።

ከሠርጓ የቀረችውን የብር አምባር ሸጣ፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለው የወርቅ አበባ የተረጨበት ሳቲን ከነጣቃው ገዛች። ሰው እንዳያይባት ጌሾ ደርባበት ነው በጋሪ ያስገባችው። መስኮቱን ዘግታ ሰፋችው። እኔ ከግርጌው አንዱን ጥግ በእጄ እንድዘመዝም ፈቀደችልኝ፤ ስፌቴ እንደ ፍየል መንገድ ተጣመመ። ልትፈታው ነው ብዬ ስጠብቅ «ተዪው፣ እመቤታችን የልጅ እጅ አትንቅም» አለችኝ። ከዚያም ሁለታችንን አጠገቧ አስቀምጣ አስጠነቀቀችን። «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ከተወራማ የሰው ምስጋና ፈልጌ የሰጠሁት ይሆናል።»

በፋሲካ ቄሰ ገበዙ «ስሙ እንዳይጠራ የፈለገ ምእመን ያስገባው ነው» ብለው አሳዩት። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን ናቸው። ሴቶቹ ሰጪውን ለማወቅ ያልጠረጠሩት ነጋዴ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ፣ በጽዋ ማኅበሩ ቃሏ የሚሰማ ሴት፣ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ የአዲስ አበባ ስፌት ነው፤ እዚህ አገር እንዲህ የሚሰፋ እጅ የለም» ስትል፣ እማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ፈገግታዋን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከጣቃው ለሁለት ትንንሽ ቀሚሶች የሚበቃ ተረፈ። እማ በትርፉ ላይ ብዙ ጊዜ አሰበችበት። በመጨረሻ «የተሳልሁት ለበሩ የሚበቃውን ነው፤ እሱን አስረክቤያለሁ። ይሄ የእናንተ ነው» አለች። ግን ቀሚሱን ያየ ሰው መጋረጃውን ማስታወሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሰጪዋ ትታወቃለች። ስለዚህ ጨርቁን ገለበጠችው። የሚያበራውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ፈዛዛውን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጋ ሰፋችልን። እኔ አልተዋጠልኝም።

«እማ፣ የሚያምረው እኮ በእኛ በኩል ሆነ።»

«ታዲያ ለእናንተ አይደል የሰፋሁት?»

መጋረጃው የጠፋው ለገና ነው። የማኅበሩ ሴቶች አውርደው አጠቡት፣ አደረቁት፣ አጥፈው ዕቃ ቤት አስገቡት፤ በዋዜማው ሊሰቀል ሲፈለግ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሰላምታውን ሳይቀር እየመዘነ የሚሰጥ ሆነ። ጥምቀት ሲደርስ እማ ቀሚሶቻችንን ልታስቀራቸው አስባ ነበር። ሰብለ ግን ማልዳ ተነሥታ «ቀሚሴ» አለች። በስንት ጸሎት የተናገረችን ልጅ አይሆንም ማለት አልቻለችም።

ታቦቱ ወደሚያድርበት ሜዳ የሄድነው በጋሪ ነው። ስንወርድ የሰብለ ቀሚስ የጋሪው ብረት ያዘውና ዘምዘሙ ተተረተረ። ልትወድቅ ስትል እትዬ ዘውዴ ቀለበቻት። እትዬ ዘውዴ የክት ልብሷን ለበዓል ብቻ ከሳጥን ስለምታወጣው ነፍታሊን ነፍታሊን ትሸት ነበር፤ እኛ ልጆች ያንን የበዓል ሽታ አድርገነው ነበር። የተቀደደውን ልታይ ቀሚሱን ገለብ ስታደርገው ያ የወርቅ አበባ በፀሐዩ ብልጭ አለ።

«ይታይሽ፣ ይቺ ጨርቅ ከየት ናት?»

«ከገበያ ናት፣ እትዬ ዘውዴ።»

«ፊቷን ለምን አዞርሻት ታዲያ?»

እማ የሰብለን ፀጉር መደባበስ ያዘች።

«ገዝቶ የሚደብቅ ሰው ዛሬ አየሁ» አለች እትዬ ዘውዴ፣ ከበሮው እየተመታ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

በተከተለው ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሴቶች በኩል ባለው ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። እኔን መሐል አቆሙኝና ያንኑ የጥምቀት ቀሚሴን ከግርጌው ገልበው እየተቀባበሉ አዩት። ሁለት እጄን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጨርቁን ወደ ታች እይዝ ነበር። ብርድ አልነበረም፣ ግን ያንን ብርድ አልረሳውም። ከኋላ አንዷ «ስንቃቸው ይሄ ነው ለካ» አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ቄሰ ገበዙ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ አንድ ቃል ተናገሪና ሁላችንም እንገላገል» አሏት።

«አባ፣ እሷ ታውቃለች» አለች እማ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ እያየች።

«እሷማ ታውቃለች። ያላወቅነው እኛ ነን።»

ይሄኔ ሰብለ «እማ እኮ ናት መጋ…» ብላ ጀመረች። እማ በአገውኛ አጭር ቃል ጣል አደረገችባት። አገውኛ የማትሰማው እትዬ ዘውዴ ቀልጠፍ ብላ «በሰው ፊት ምን እየመከርሻት ነው?» አለች።

«ዝም በይ ነው ያለቻት» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ንጹሕ ከሆነች ልጅቱ ለምን ዝም ትላለች?»

እህቴ ያን ያህል የተለመነላትን አፍ በእጇ ይዛ ቆመች። እኔም ጥርሴን ነክሼ እማን አየኋት፤ አንዴ በዓይኗ ብትፈቅድልኝ ሁሉንም እናገረው ነበር። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሌባ ብሎ ፊት ለፊት የተናገራት ሰው የለም። ክስም አልቀረበባትም። ብቻ የጽዋው ተራ እሷን ዘሎ ወደ ቀጣይዋ አለፈ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንድትሰፋላቸው ያመጡ የነበሩ እናቶች ሌላ ሰፊ አገኙ። ጎረቤት ቤት ስትገባ ሴትየዋ የተሰጣውን ልብስ ከገመድ ማንሣት ትጀምራለች። እማ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም፤ ቦታዋ ግን ከወይራው ወደ ደጁ ወጣ። እኔ ደግሞ ሰው እያየሁ መጠርጠር ተማርሁ። የማኅበሩን ሴቶች እጅ አያለሁ፣ የቤታቸውን መስኮት አያለሁ፤ ከመጋረጃቸው ኋላ ያ ወይን ጠጅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጥምቀት በመጣ ቁጥር እማ የቀሚሶቹን እጥፋት ፈታ ታደርግና «ልበሱ፤ አልሰረቅንም» ትለን ነበር። እጥፋቱ አልቆ እስኪያጥረን ድረስ ለበስነው።

እማ ስታርፍ አገር ወጥቶ ቀበራት፤ እሱን አልክድም። ግን «በደሏን ይቅር ይበላት» ሲሉ «በደሏን» የምትለዋ ላይ ድምፃቸውን ጫን የሚያደርጉ መሰለኝ። ምናልባት መስሎኝ ነው። የጥርጣሬ ትልቁ ክፋት ይሄ ነው፤ የተጠረጠረው ሰው ልጅ በተራዋ ሁሉን ጠርጣሪ ትሆናለች። ቃል ያስገባችን በሕይወት እስካለች ድረስ ነበርና ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ግን መጋረጃው በሌለበት ማን ያምነኛል? የሌባ ልጅ ለእናቷ ተረት ፈጠረች ከማለት በቀር።

አሁን መጋረጃው አለ። ጠማማው ስፌቴም በጥጉ እንዳለ ነው፤ ሰብለ በጣቷ ዳስሳዋለች። ስለ ነፍታሊኑ ግን ምን ልበል? እንደዚያ የሚሸት አንድ ሳጥን አውቃለሁ። ሰብለም ታውቃለች። ነገር ግን ነፍታሊን በየሱቁ ይሸጣል፤ ሳጥን ያለው ሰውም ብዙ ነው። በእናቴ ላይ የፈረዱት አንድ የጨርቅ ፊት አይተው ነው። እኔ አንድ ሽታ ይዤ በሰው ላይ ብፈርድ ከእነሱ በምን እሻላለሁ? ይህን እያልሁ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ልቤ ሁልጊዜ ባይሰማኝም።

እዚህ ድሬዳዋ የልጅ ልብስ እንደ ልብ ነው። ተገዝቶ ይመጣል፣ ያምራል፣ በዓመቱ ልጄን ያጥራትና ለሌላ ይሰጣል። እጥፋት የለውም፤ ልጅቱ ታድጋለች ብሎ አስቦ የሰፋው ሰው የለም። እኔ ግን ከአገሬ ስወጣ ያንን ቀሚስ ይዤ ነበር የወጣሁት። ሰብለ በደወለች ማግስት አወጣሁትና የእማን ስፌት አንድ በአንድ ፈታሁት። ውጭ የነበረው ጀርባው ነጥቷል፤ በእኛ በኩል የነበረው ፊት ዛሬም ያበራል። ለልጄ በልኳ አድርጌ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አውጥቼ እየሰፋሁት ነው። ከግርጌው ሰፊ እጥፋት ትቼበታለሁ።

በዚያ ሰንበት ወይራው ሥር የነበራችሁ እናቶች፣ ማን እንደወሰደው እንድትነግሩኝ አልጠይቅም። ተጸጽቶ የመለሰ ሰው ካለ እመቤታችን ትቀበለው። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። አንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃውን እዚያው ቦታ ዘርጉት። የእኔን ቀሚስ እንደገለባችሁ እሱንም ከግርጌው ገልባችሁ ያቺን ጠማማ ጥግ እዩአት፤ በዚያ ቀን ላልነበሩትም አሳዩአቸው። ከዚያ የእናቴን ስም ጥሩላት፤ ያን ቀን በጠራችሁት ድምፅ፣ ያኔ በደረሰበት ርቀት ሁሉ እንዲሰማ አድርጋችሁ።