ከባምባሲ አሶሳ ሽንት ይዞ መጓዝ ቀረ

«ሹፌር፣ አቁምልኝ! ሽንቴ መጥቷል!»

ዛሬ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስንመጣ ሚኒባሱ ውስጥ እንዲህ ብለው የጮኹት አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው። ወንዶቹ ወዲያው በመስኮት የማንጎ ዛፍ ማድነቅ ጀመሩ።

«እማማ፣ ልንደርስ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ» አለ ሹፌሩ።

«በመታገስ አይደል የታመምኩት! ሐኪሙ ውሃ ጠጪ፣ ሽንት አትያዢ ብሎኛል። ወላሂ፣ ያ የሽንት ማቃጠል አይመለስብኝም!»

ሹፌሩ አቆመ። እሳቸው ሲወርዱ ሴቶቹ በሙሉ ተከተልናቸው። እኛ ለመንገድ የምንሰንቀው ጥማት ነው፤ እንዳንወርድ ብለን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አንቀምስም፤ የመጣውንም ይዘን እንደርሳለን። ጨዋነት መሆኑ ነው።

ተመልሰን ስንገባ እናትየው ውሃቸውን ከፍተው ጠጡ።

ሹፌሩ በስፖኪዮ አያቸውና «ገባኝ እማማ፤ ከእንግዲህ ሳልጠየቅ እቆማለሁ» አለ።

እናንተስ እህቶቼ፣ «አቁምልኝ» ለማለት የደፈራችሁት የት መንገድ ላይ ነው?